የድርጅት ቪዲዮ ከካሜራው በፊት ታሪክ ይፈልጋል

ሕንፃና ማሽን ብቻ የሚያሳይ ፊልም ገዢውን ለምን አያሳምንም?

በአዲስ አበባ አስመጪዎች፣ አምራቾችና የሪል እስቴት ድርጅቶች ለደንበኛ የሚያሳዩት ቪዲዮ ማሠራትን የተለመደ የገበያ ሥራቸው ካደረጉት ሰነባብቷል። ቪዲዮዎቹን አከታትሎ የተመለከተ ሰው ግን አንዱን ድርጅት ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ድሮን ከሕንፃው አናት ላይ ይነሣል። የግቢው በር ይከፈታል፣ ማሽኖች ይሽከረከራሉ፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሠራተኞች ካሜራውን እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ድርጅቱ መቼና በምን ያህል ካፒታል እንደተቋቋመ ይናገራሉ። በመጨረሻም ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ ጥራትና ታማኝነት የድርጅቱ መለያ መሆናቸውን አስታውቆ ይዘጋል። ዓርማው ቢቀየር ያው ፊልም ለቀለም ፋብሪካም ለዱቄት ፋብሪካም ያገለግላል።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ለካሜራ ባለሙያ፣ ለመብራት፣ ለድሮን፣ ለተራኪ፣ ለሙዚቃና ለኤዲቲንግ ይከፈላል፤ የፋብሪካው ሥራም ለቀረጻው ሲባል ለቀናት ይስተጓጎላል። ሆኖም ገዢው ቪዲዮውን አይቶ ሲጨርስ ይዞት የመጣው ጥያቄ አብሮት ይመለሳል። ዕቃው ለእርሱ ሥራ ይሆናል ወይ? ከገዛ በኋላ ቢበላሽ ማን ይደርስለታል? ከእርሱ በፊት የገዛው ሰው ምን አተረፈ?

የችግሩ መነሻ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ባለንብረቱ ቪዲዮ ሠሪውን ይጠራና «በደቂቃ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዋጋ ይስማማሉ፤ የቀረጻ ቀን ይቆረጣል። ተራኪው የሚያነበው ጽሑፍ የሚዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። ምስሉ አስቀድሞ ስለተለቀመ ጽሑፉ ክፍተት ከመሙላት ሌላ ሥራ አይኖረውም።

ደላላው የሚያውቀው ነገር

ታሪክ ሲባል ልቦለድ ማለት አይደለም። በንግድ ሥራ ታሪክ የሚባለው፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ እንቅፋት እንደገጠመው፣ እንቅፋቱን ለማለፍ ምን እንዳደረገና በመጨረሻ ምን እንዳገኘ በቅደም ተከተል ሲነገር ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ደላላ ነው። ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ወሬውን ከካሬ ሜትር አይጀምርም። ባለቤቱ ልጆቻቸው ዘንድ ውጭ አገር ሊሄዱ መሆኑን፣ ቤቱን ራሳቸው ቆመው እንዳሠሩት፣ ትናንት አንድ ገዢ ቀብድ ሊያሲዝ ሲል ገንዘብ እንዳነሰው ይናገራል። ሰሚው ግማሹን ባያምንም እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። የደላላው ጥፋት ታሪክ መናገሩ ሳይሆን ለሁሉም ቤት ያንኑ ታሪክ መናገሩ ነው።

ነገሩ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች በሌላ ቋንቋ የሚያስረዱት ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርገው፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅ ገዢው ካላወቀ ገዢው ሁሉንም መኪና እንደ ብልሹ ቆጥሮ ዋጋ እንደሚያወርድ፣ በዚህም ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያው እንደሚወጣ አሳይተዋል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ምሁራን አንዱ ናቸው። ሌላው ተሸላሚ ማይክል ስፔንስ ደግሞ ደህና ዕቃ ያለው ሻጭ ከብልሹው ሊለይ የሚችለው፣ ብልሹው በቀላሉ ሊኮርጀው የማይችለውን ምልክት ሲያሳይ መሆኑን ካብራሩት መካከል ናቸው።

«ጥራት መለያችን ነው» ማለት ማንንም ምንም አያስወጣም። ደህናውም ሻጭ ብልሹውም ሻጭ እኩል ይሉታል፤ ስለዚህ ገዢው ቃሉን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አንድ ደንበኛ ዕቃውን የገዛበትን ወር፣ ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረውን፣ የከሰረውንና ያተረፈውን ሲናገር ግን ሰሚው ሄዶ ሊያጣራው የሚችል ነገር ያገኛል። በቪዲዮ ላይ ታሪክ ዋጋ የሚኖረው ልብ ስለሚነካ ብቻ አይደለም። ሊጣራ የሚችል ዝርዝር ሳያሰለች የሚሸከም ሌላ መንገድ ስለሌለ ጭምር ነው።

4,500 ዶላር የወጣበት ቪዲዮ

በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው «ዶላር ሼቭ ክለብ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የጺም መላጫ ምላጭ በወርኃዊ ክፍያ በፖስታ ለደንበኛ ቤት ያደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2012 በኢንተርኔት የለቀቀው ቪዲዮ ርዝመቱ 1 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ሲሆን፣ የወጣበትም 4,500 ዶላር ገደማ ነው። ቀረጻው በአንድ ቀን በድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ተጠናቀቀ። በቪዲዮው ላይ የሚናገረው የድርጅቱ መሥራች ማይክል ዱቢን ራሱ ነው። ሰውየው ኒውዮርክ ውስጥ ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ኮሜዲ ተምሮ ነበር፤ ዳይሬክተሯ ሉሲያ አኒዬሎም የዚያው የኮሜዲ ዓለም ሰው ነበረች። ቪዲዮው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 12,000 ያህል ትእዛዝ ደረሰ። የድርጅቱ ድረ ገጽም የጎብኚውን ብዛት መሸከም አቅቶት ተዘጋ።

ብዙ ሰው ቪዲዮው የሠራው በቀልዱ ነው ይላል። ስክሪፕቱን ነጣጥሎ ለተመለከተው ግን ከቀልዱ ሥር ጠበቅ ያለ ዕቅድ አለ። ዱቢን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስሙን፣ ድርጅቱን፣ የሚሸጠውንና ዋጋውን ይናገራል። ከዚያ ወንበሩን ትቶ በመጋዘኑ ውስጥ መራመድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ አይቆምም። እያንዳንዱ እርምጃው የደንበኛውን አንድ ቅሬታ ያነሣል። ምላጭ የማይፈለግ ጌጥ እየተጨመረበት ዋጋው ንሯል፤ ከዋጋው የሚበዛው ለማስታወቂያ ለቆመው ታዋቂ ስፖርተኛ ይሄዳል፤ ደንበኛው መግዛት እየረሳ በደነዘ ምላጭ ይላጫል። መጋዘኑና የካርቶኑ ክምር ድርጅቱ ሌላ ቀረጻ ቦታ የመከራየት አቅም እንዳልነበረው ያሳያሉ ቢባል ስሕተት አይሆንም። ነገር ግን ርካሽ ምላጭ የሚሸጥ ድርጅት ባማረ ቢሮ ውስጥ ቢቀረጽ ኖሮ ገዢው የቢሮው ኪራይ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መጠርጠሩ አይቀርም ነበር።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል በገበያ ባለሙያዎች ዘንድ እምብዛም አይነገርም። ገበያውን ይመራ የነበረው ጂሌት እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የምላጭ ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዩኒሊቨር ዶላር ሼቭ ክለብን 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሆነ በተዘገበ ዋጋ ገዝቶት ነበር። ሆኖም ዩኒሊቨር ያሰበውን ያህል አላገኘበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከድርሻው 65 በመቶውን ኔክሰስ ካፒታል ማኔጅመንት ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጧል። ቪዲዮው ደንበኛ አመጣ እንጂ ደንበኛን ለዓመታት ይዞ ማቆየት የምላጩ፣ የማጓጓዣ ወጪውና የውድድሩ ጉዳይ ነበር። ቪዲዮ ያሠራ ሁሉ ይህን ሒሳብ መለየት ይኖርበታል።

ከምጣድ ሻጩ ሥራ ብንነሣ

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያመርት አንድ አነስተኛ ድርጅት ቪዲዮ ሊያሠራ ነው እንበል። በተለመደው መንገድ ከሄደ ወርክሾፑን፣ የሸክላውን አሠራር፣ የሬዚስታንሱን አዘረጋግና የሥራ አስኪያጁን ንግግር ያሳያል። በታሪክ መንገድ ከሄደ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ካሜራ ሳይሆን ደንበኛ ነው። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታቀርብ አንዲት ሴት ትገኛለች። ከካሜራው በፊት ደብተር የያዘ ሰው ይላክና ይጠይቃት። ቀድሞ በምን ትጋግር ነበር? የሚያስቸግራት ምን ነበር? መሐሉ ሳይበስል ዳሩ እያረረ በቀን ስንት እንጀራ ይበላሽባት ነበር? ምግብ ቤቱ መልሶባት ያውቃል? አዲሱን ምጣድ ለመግዛት ያመነታችው ለምንድን ነው? ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ስለሆነ የመብራት ክፍያዋ ከገዛች በኋላ ስንት ሆነ? አሁንስ የማይመቻት ነገር አለ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ባለንብረቶች አይወዱትም። ነገር ግን ደንበኛዋ «ክዳኑ ይከብዳል፤ እንጀራው ግን ዐይን አውጥቶ ይወጣል» ብትል ክዳኑ የከበዳት ሴት ስለ እንጀራው ዐይን የምትናገረውም ይታመናል። ጉድለቱን ከቪዲዮው ቆርጦ የሚያወጣ ሰው አብሮ እምነቱንም ያወጣል።

ከጥያቄዎቹ መልስ ስክሪፕቱ ይወጣል። ቪዲዮው ከሌሊቱ 10 ሰዓት በጨለማ ሊጥ ሲገለጥ ሊጀምር ይችላል። ቀጥሎ ያረረ እንጀራ ተነጥሎ ወደ ጎን ሲጣል ይታያል። የሚጣለው ይቆጠራል፤ ኪሳራው በብር ይነገራል። የምጣዱ ስም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወርክሾፑም ቦታ አለው፤ ግን የሚታየው ሬዚስታንሱ ለምን ጠጋ ጠጋ ተደርጎ እንደተዘረጋ፣ ማለትም የሴትዮዋ ዳር ለምን እንደማያርር ለማስረዳት ነው። ሥራ አስኪያጁ መታየት የግድ ከሆነባቸው ስለ አመሠራረት ሳይሆን ሬዚስታንሱ ቢቃጠል በስንት ቀን እንደሚቀይሩ ይናገሩ። በመጨረሻ ዋጋው ይነገር። ዋጋ ደብቆ «ይደውሉልን» ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ሳይደውል ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል።

ስክሪፕቱ የሚጻፍበት ወረቀት ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው ይጻፋል። ቀኙ ግራውን የሚደግም ከሆነ ቀኙ ይሰረዛል። እንጀራው ሲወጣ እየታየ «እንጀራው ወጣ» የሚል ተራኪ አያስፈልግም። ጽሑፉን ጮክ ብሎ እያነበቡ በሰዓት መለካትም ያስፈልጋል፤ በልብ ሲነበብ አንድ ደቂቃ የመሰለ ጽሑፍ በአፍ ሲነገር ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። በአማርኛ ስክሪፕቶች ላይ የሚታየው ሌላ ጉድለት የደብዳቤ ቋንቋ ነው። «ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ በርካታ ተግባራትን በማከናወን ላይ የሚገኘው ድርጅታችን» የሚል ዓረፍተ ነገር ግሱ እስኪደርስ ተመልካቹ ሄዷል። በዩቲዩብ ላይ ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ከ5 ሰከንድ በኋላ ሊዘለሉ ስለሚችሉ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የሚታየው ነገር ዓርማ ከሆነ ገንዘቡ ለዓርማው ወጣ ማለት ነው። ደንበኛዋ የምትናገረውን እንድታጠና ማድረግም አይገባም። ጥያቄ ይጠየቃል፣ በራሷ አነጋገር ትመልሳለች፣ ስክሪፕቱ የሚመራው የመልሶቹን ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የቪዲዮ ዋጋ በደቂቃ ቢጠራም ወጪውን የሚያንረው የቀረጻ ቀንና ቦታ ብዛት ነው። አንድ ቤትና አንድ ወርክሾፕ የሚፈልግ ስክሪፕት በአንድ ቀን ያልቃል። ስክሪፕት የሌለው ቀረጻ ደግሞ ምን እንደሚያስፈልግ ስለማይታወቅ ሁሉንም ይቀርጻል።

ትልቅ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ታሪክ የሚሠራው ለምላጭና ለምጣድ ነው ይሉ ይሆናል። የስዊድኑ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሠራው የጭነት መኪና ማስታወቂያ ሌላ ያሳያል። ተዋናዩ ዣን ክሎድ ቫን ዳም ወደ ኋላ በሚነዱ ሁለት ጭነት መኪናዎች መስተዋት ላይ አንዳንድ እግሩን አሳርፎ ቆሟል። መኪናዎቹ ቀስ በቀስ ሲራራቁ እግሮቹ እስከ መጨረሻው ይከፈታሉ። የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመሪው ጽናት። ስለ ሞተር ጉልበት፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጋቢና ምቾት አንዲት ቃል የለም። ተመልካቹን የያዘው ግን ሰውየው ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለው ነው።

የቡና ላኪው ካርታ

ለአገራችን ነጋዴ ታሪክ በቀጥታ ወደ ውጭ ምንዛሪ ሊለወጥ ከሚችልባቸው ዕቃዎች ቡና ቀዳሚው ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ላኪው ታሪኩን ለመናገር ቢፈልግም አይችልም ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ቡናም ወደ እርሱ ከገባ በኋላ፣ አቅራቢው የሚያስረክበው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ይቀላቀል ነበር። የውጭው ገዢ ቡናው የይርጋ ጨፌ መሆኑንና ደረጃውን ያውቃል፤ ከየትኛው መፈልፈያ፣ ከማን ማሳ እንደመጣ ግን አያውቅም። አርሶ አደሩን የሚያሳይ ቪዲዮ ቢሠራ እንኳ በጆንያው ውስጥ ያለው የዚያ ሰው ቡና ለመሆኑ ዋስትና አልነበረም። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣና ከቀጥታ ግብይት ጋር የተያያዙት ለውጦች ከተከተሉ በኋላ ነው በሩ ሰፋ ያለው።

በሩ ሲከፈት ምን እንደሚገኝ በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተካሄደው የ«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ በፓውንድ 185.10 ዶላር፣ በኪሎ ሲመታ 408 ዶላር ገደማ ተሸጧል። እርግጥ ነው ዋጋውን ያወጣው ቪዲዮ አይደለም፤ ቀማሾቹ ቡናው የማን እንደሆነ ሳያውቁ በጽዋ ለክተው ነው። ሆኖም ያን ዋጋ የከፈለ ቆይ ገዢ ለራሱ ደንበኛ የሚናገረው ይፈልጋል። ማሳው የት ነው? ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር? እሸቱ በኪሎ በስንት ብር ተገዛ? በማድረቂያ አልጋ ላይ ስንት ቀን ቆየ? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ተፈጻሚነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ቡናው የበቀለበትን ቦታ መገኛ ቁጥር የሚጠይቅ ነው። ላኪው ለሕጉ ሲል የሚሰበስበው ካርታ ለስክሪፕቱም ግማሽ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ዕቅድ ማለት የቀን መቁጠሪያም ማለት ነው። በደቡቡ የቡና አካባቢ ቀይ እሸት በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የቪዲዮ በጀቱን በሚያዝያ ያጸደቀ ላኪ ካሜራ ይዞ ቢወርድ የሚያገኘው አረንጓዴ ቅጠልና ባዶ አልጋ ነው። ብዙ የቡና ቪዲዮዎች በጀበናና በስኒ የሚሞሉትም በዚህ ምክንያት ይመስላል። ጀበናው ያምራል፤ ገዢው ግን ጀበና አይገዛም።

ታሪኩ እውነት ካልሆነ

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ የዕቃውን ወይም የአገልግሎቱን ትክክለኛ ባሕርይ የሚገልጽና የማያሳስት እንዲሆን ይጠይቃል። ተዋናይ ቀጥሮ «ደንበኛ» ብሎ ማቅረብ፣ ያልተሠራን ነገር እንደተሠራ ማሳየት ከዚህ ጋር ያጋጫል። ከሕጉ በፊት ግን ገበያው ራሱ ይቀጣል።

ለዚህ በይበልጥ የተጋለጡት የሪል እስቴት ድርጅቶች ናቸው። በኮምፒዩተር የተሠራ ሕንፃ፣ መዋኛና አረንጓዴ መናፈሻ የሚያሳይ ቪዲዮ ከአንድ ገዢ በላይ አጥምዷል፤ ርክክቡ ሲዘገይ ያው ቪዲዮ የክርክር ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። ቀብድ የከፈለ ሰው የሚጠይቀው መዋኛውን ሳይሆን እስካሁን ስንተኛው ሶሌታ እንደተሞላ ነው። በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆሞ ሕንፃውን የሚቀርጽ፣ ቀኑን የሚጽፍ፣ ሥራው ከተጓተተ ምክንያቱ የሲሚንቶ ይሁን የሊፍት ማስመጫ ምንዛሪ በግልጽ የሚናገር ድርጅት እንቅፋቱም መፍትሔውም ያለበት ታሪክ በእጁ አለ። ወጪው ከአንድ የድሮን ቀረጻ አይበልጥም። የማይደፈረው ሥራው በተጓተተበት ወር መልቀቅ ስለሚከብድ ነው። ድርጅቶችን የሚለየውም ያ ወር ነው።

ከቪዲዮ ሠሪው ጋር ሲዋዋሉ በጽሑፍ መቀመጥ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ስክሪፕቱ ሳይጸድቅ ቀረጻ አይጀመርም። በቪዲዮው የሚታየው ደንበኛ ምስሉና ቃሉ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየት በየት እንደሚታይ አውቆ ይፈርማል፤ የሚከፈለው ካለም ይጻፋል። ያልተቆረጠው ቀረጻ በሙሉ ለድርጅቱ ይመለሳል፤ አለበለዚያ አንዲት ዋጋ ለመቀየር እንደገና መቀረጽ ይመጣል። ዋጋና ስልክ ቁጥር በምስሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ እንጂ በተራኪው አፍ አይነገር፤ ሁለቱም ይለወጣሉ። በስልክ ድምፅ አጥፍቶ የሚያየው ተመልካች ብዙ ስለሆነ ንግግሩ ከሥር ይጻፍ። ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ የሚመለስ ከሆነም ይህ ያግዛል። ለምጣድ ሻጩ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ ተመልሶ ምጣዱ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅ ሁለተኛ ቀረጻ በመጀመሪያው ውል ውስጥ ቢያዝ ይሻላል። ለብቻው ከታዘዘ የሙሉ ቀን ሊያስከፍል ይችላል፤ ሥራው ግን የግማሽ ቀን ነው።